መዳመጫውን የሳሙ ምእመናን

ኡም ዋጊህ የቅዱሱን አጽም ሳሙ፤ ግንባራቸውን አስነኩ፤ ከዚያ በማለፍ ፈንታ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው ባሉበት ቆሙ።

«እኚህ ቅዱስ ቅቤ ቅቤ ይላሉ» አሉ።

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ተገፋፋ። ከካይሮ ሹብራ ሰፈር አውቶቡስ ሙሉ ሆኖ የመጣው የጉዞ ማኅበር፣ ከዴልታ የመጡ ገበሬዎች፣ ከእስክንድርያ የመጡ ሙሽሮች፣ ሁሉም በአስቄጥስ በረሃ በምትገኘው በዚያች ጠባብ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተጠቅጥቀው የአንባ ሻኑሪን በዓል እያከበሩ ነው። ከበሮው ይመታል፣ የናስ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ መነኩሴው አባ ዋናስ በቀይ ከፋይ የተጠቀለለውን አጽም እንደ ሕፃን ታቅፈው ያሳልማሉ።

«እማማ፣ ይሳሙና ይለፉ እንጂ!» አለ አንዱ።

«ሳምኩ እኮ! ሽቱው የታለ? ትናንት በሠርክ ጸሎት አባታችን ሐኑቱን ሲቀቡት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የሐኑት ቅመም ደግሞ ሳምንትም አይለቅ። ይሄ የኔን ማድ ቤት ነው የሚሸተው!»

አባ ዋናስ ሴትዮዋን ዝም ለማሰኘት ብለው የከፋዩን ማሰሪያ ፈቱት። ከውስጡ በዝሆን ጥርስ የተለበጠው፣ ሺህ ዓመት የኖረው የአጽሙ ማኅደር መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን የሊጥ መዳመጫ ነው።

ከበሮው ቀጥ አለ።

«መዳመጫዬ!» ብለው ጮኹ ኡም ዋጊህ። «ለሹብራው ደብራችን የትንሣኤ ብስኩት አውሼ በዚያው የቀረው! እጀታው ላይ ያለውን ንክሻ እዩት፤ ልጄ ዋጊህ ጥርስ ሲያወጣ የነከሰው ነው!»

እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ግማሹ ሕዝብ መዳመጫ ተሳልሟል። አንድ የታንታ ነጋዴማ እንደሳመው ወገቡ ተሽሎት ነበር። ነገሩ ከተገለጠም በኋላ «የዳንኩትን አልመልስም» ብሎ ድርቅ አለ።

*

ሻለቃ ራእፋት ዊሳ የአካባቢው የቅርስ ፖሊስ መርማሪ ነው። በሚኒያ ከተማ ከዲያቆን ቤተሰብ ተወልዶ፣ እናቱ ጳጳስ ይሆንልኛል ስትል ፖሊስ የሆነባት ሰው። እሷ አሁንም ተስፋ አልቆረጠችም፤ እሱም ቢሆን አላገባም።

የገዳሙን በር ሲያልፍ ስልኩ ጮኸ። አለቃው ኮሎኔል ሹክሪ ነበሩ።

«ራእፋት! ከሰዓት በኋላ እስረኛ የሚወስድ መኪና እልካለሁ። ባዶውን እንዳይመለስ።»

«ጌታዬ፣ ገና እግሬ መግባቱ ነው። ተጠርጣሪ የለኝም።»

«ሹፌሩስ?»

«የቱ ሹፌር?»

«የአውቶቡሱ ነዋ! አውቶቡስ ያለ ሹፌር ይመጣል?»

«የበሩ ዘበኛ እንደነገረኝ ሹፌሩ ሙስሊም ነው ጌታዬ። 'ሙስሊም ሹፌር የክርስቲያን ቅዱስ ሰረቀ' ተብሎ በካቴና ካይሮ ቢገባ፣ ሹብራ ላይ ማን ማንን እንደሚያቃጥል እኔና እርስዎ እናውቃለን።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው አምጣልኝ። ካጣህ ግን ሹፌሩ ይጫናል» አሉና ዘጉት።

አባ ዋናስን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ፣ አጽሙ ይቀመጥባት ከነበረችው የግድግዳ መስኮት ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

«ከቅዳሴ በፊት ተሳልሜዋለሁ፤ ሐኑቱ ይሸት ነበር» አሉ። «ቅዳሴውንም እዚሁ አጠገቡ ቆሜ ነው ያስቀደስኩት። የተለየሁት የቁርባኑ መጋረጃ ሲከፈት ብቻ ነው። ጽዋውን የሚያግዝ ስላልነበረ ገባሁ።»

«በዚያን ጊዜ ነዋ የተለወጠው። ሕዝቡስ?»

«ሕዝቡማ ዓይኑ መቅደሱ ላይ ነው ልጄ። የሚቆርበው ተሰልፏል። የቆረበው አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ቆሟል። ማን ወደ ግድግዳ ያያል?»

«ማን እንደቆረበ ያስታውሳሉ?»

«በበዓል ቀን? እኔ የማየው የተከፈተ አፍ ብቻ ነው።»

ራእፋት ነገሩን በልቡ አጠበበው። መዳመጫው ከሹብራው ደብር ማድ ቤት ነው የወጣው። ስለዚህ ሌባው ከሹብራው አውቶቡስ ነው። ያልቆረበ ሰው ደግሞ ነው፤ የቆረበማ ከሰልፉ መውጣት አይችልም። በሩን ዘበኛው ወዲያው ስለዘጋው ሌባውም ቅዱሱም እዚሁ ግቢ ውስጥ ናቸው።

*

በምግብ አዳራሹ የሹብራ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ፉል፣ አይብ፣ ተምር፣ የወይራ ፍሬ። የጉዞው መሪ ኩዝማን የታሪክ መምህር ነውና ሁሉም ኡስታዝ ይለዋል፤ ማይክሮፎን ከእጁ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ያለ ማይክሮፎንም ሲያወራ እጁን ወደ አፉ ያስጠጋል።

«ይቀመጡ ባሻ» አለ፤ በግብፅ የፖሊስ መኮንን ሁሉ ባሻ ነው። «ይቅመሱ። የገዳሙ ወይራ ነው፤ ዛፉን ራሳቸው አንባ ሻኑሪ ተክለውታል ይባላል» አለና አንዱን ወደ አፉ ጣል አደረገ። «እኛ ከእንግዲህ በምን ዓይናችን ሹብራ እንገባለን? ከመንገዱ ማዶ ያለው ደብር ይስቅብናል። እነሱ ሦስት ቅዱሳን አሏቸው፤ እኛ የታቀፍነው ጠፋብን!»

«በቁርባን ጊዜ የት ነበሩ ኡስታዝ?»

«ከፊት! ከወንዶች የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ፣ አፌን ሸፍኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ...» ዘሩን በመዳፉ ተቀብሎ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ካሉት አጠገብ አስቀመጠ። «ማንንም አልከስም ባሻ፤ እግዚአብሔር ይፍረድ። ግን ቦርሳችንን ሁሉ በር ላይ የሚጠብቀው ሹፌሩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብቻውን የነበረው እሱ ነው። አልከስም፤ እያሰብኩ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ ያውቁታል?»

«ኢድሪስን? ልጆቼ አጎቴ ነው የሚሉት!» አለ ኡስታዝ፤ ዓይኑም የእውነት እንባ አቀረረ።

ራእፋት ሊመልስለት ሲል፣ ጥግ ላይ አንዲት ወጣት መሐረቧን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታለቅስ አየ። የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይዋ ኢሪኒ ናት፤ ታሱኒ፣ እኅታችን ማለታቸው ነው፣ ይሏታል። ዓይኑ ከእሷ ላይ ሲያርፍ ተነሥታ ወጣች።

*

«በመጀመሪያ አውቶቡሱ ይፈተሽ» አለ ራእፋት።

ሃምሳ አለቃ ጉምዓ ፈተሸ፤ ፈትሾም አፉን ያዘ። ቅዱሱ አልተገኘም እንጂ ያልተገኘ ነገር አልነበረም። ከአንዲት ፋርማሲስት ቦርሳ ከአባቶች በዓት ግድግዳ የተፈቀፈቀ ልስን። ከአንድ የባንክ ሠራተኛ ካልሲ የጥንቱ በር ሚስማር። በማርማላታ ጠርሙስ አሸዋ። በሕፃን ጡጦ የመብራት ዘይት። ከአንድ ጡረተኛ ዳኛ ኮፍያ ሥር ደግሞ ጫጩት፤ ከነሕይወቱ።

«ይሄስ ምንድን ነው ክቡር ዳኛ?»

«ለበረከት ነው» አሉ ዳኛው ፊታቸው ሳይለወጥ። «ገዳም ውስጥ የተፈለፈለ ነው።»

«ባሻ» አለ ሃምሳ አለቃው ወደ ራእፋት ዞሮ፣ «እነዚህ ሰዎች ሁለት ጊዜ ቢመላለሱ ገዳሙ ባዶ ሜዳ ይሆናል!»

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ ምእመን ላመሉ ግድግዳ ይልሳል ለካ። ጉምዓ ከወንበሮቹ በላይ ያለውን መደርደሪያ ዳሰሰ። ተጠቅልሎ የተጋደመውን የደብሩን ባነር ጫፍ ገለጥ ሲያደርግ፣ የታተመው የአንባ ሻኑሪ ዓይን አፈጠጠበት። «ይቅርታ አባት» ብሎ መለሰው። ከበሩ ኡስታዝ ኩዝማን «ቀስ! ሐር ነው፣ እንዳይጨማደድ!» ሲል ተሰማ።

ከሹፌሩ ወንበር ሥር ግን አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ወጣች። ክዳኗ ሲከፈት አውቶቡሱ በሙሉ በሐኑት ታወደ። በሐኑት የራሰ ጥጥ ነበረባት።

ጉምዓ ትጉህ ሰው ነውና ለኮሎኔሉ ደውሎ የነገራቸው ራእፋት ብልቃጧን ሳይዘጋ ነው።

*

ሹፌሩ ኢድሪስ፣ በሹፌር ወግ ኡስታ የሚባለው፣ ከአስዋን የመጣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። በዘበኛው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«ይሄን ጥጥ ማን ሰጠህ?»

«ሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«ጥሩ ሰው።»

«ኡስታ ኢድሪስ፣ እኔ ላድንህ ነው የምሞክረው። መኪና እየመጣ ነው።»

«ገባኝ ባሻ። ግን የሰጠኝ ሰው 'አትናገር' ብሎኛል። ሚስቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ለእሷ ነው። ልብላው ብዬ አይደለም፣ ልሸጠው ብዬ አይደለም።» ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እነዚህን ሰዎች ስንት ገዳም አመላልሻለሁ። መዝሙራቸውን ሲሳሳቱ እንኳ የማርማቸው እኔ ነኝ። ዛሬ በካቴና ብሄድ ለኔ አይደለም የማዝነው። ሰፈሬ 'ክርስቲያኖች ከሰሱት' ይላል፤ ሰፈራቸው 'ሙስሊሙ ሰረቀን' ይላል። ማታ ደግሞ ድንጋዩ ይጀምራል። እኔን ማን ይሰማኛል?»

ራእፋት ወደ ግቢው ወጣ። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል፤ ይሄ ዳዋ ደግሞ ከተመታ የሚነደው ሁለት ሰፈር ነው።

ታሱኒ ኢሪኒን ከጉድጓዱ ውኃ አጠገብ አገኛት። አልሸሸችም።

«የመዳመጫውን ልብስ እኔ ነኝ የጠለፍኩት» አለች፣ እሱ ሳይጠይቃት። «ቅዱሱን ለማልበስ ሁለት ከፋይ ነበር የሠራሁት። የመጀመሪያው መስቀሉ ተጣመመብኝ። አንዱ ክንዱ ረዘመ። አፈርኩና ደብሩ ዕቃ ቤት ጣልኩት፣ ሌላ ሠራሁ። ዛሬ መዳመጫው ላይ የተጣመመው መስቀል ሲወጣ... ባሻ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!»

«ዕቃ ቤቱ ይቆለፋል?»

«ድመት እንኳ ይገባበታል።»

«ቆርበሻል ዛሬ?»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «አልቆረብኩም። ጠዋት ለማኅበሩ ፉል ስሠራ ጨው ቀመስኩ። ረስቼ! ቁርባኑ ሲደርስ ሴቶቹ እንዳያዩኝ ማድ ቤት ገብቼ ድስት ፈተግኩ። ያየኝም የለም።»

ምስክር የላት፣ ከፋዩን የሠራችው እሷ፣ ማድ ቤቱም የእሷ። ኮሎኔሉ ቢሰሙ በደስታ ሁለቱንም ይጭናሉ። ራእፋት ግን እጆቿን አያቸው፤ ድስት ሲፈትጉ በጥላሸት የጠቆሩ ጣቶች ናቸው። እንዲህ ባለ እጅ ቀይ ከፋይ የነካ ሰው አሻራውን ሳይተው አይቀርም። የመዳመጫው ልብስ ግን ከመስቀሉ በቀር እንከን አልነበረውም።

«እንባሽን ጥረጊ ታሱኒ» አላት። «ጨው መቅመስ በወንጀል ሕጉ የለም።»

*

ወደ ዘበኛው ክፍል ሲመለስ ኡም ዋጊህ በሩን በትከሻቸው ከፍተው ገብተው አገኛቸው።

«ጥጡን የሰጠሁት እኔ ነኝ!» ይላሉ ደረታቸውን እየመቱ። «ትናንት አባታችን ዞር ሲሉ ከሐኑቱ ዕቃ ዘገንኩ። ግማሹ የኔ ነው፣ ግማሹ ለኢድሪስ ሚስት። 'አትናገር' ያልኩትም እኔ ነኝ። ይኸው፣ የኔ ድርሻ!» ብለው ከጡታቸው ሥር ሌላ ጥጥ መዘዙ። «እሰሩኝ! እሱ ይውጣ!»

«እትዬ፣ ምነው ዝም ቢሉ» አለ ኢድሪስ ራሱን ይዞ።

«ዝም በል አንተ! አፍህን የምትዘጋበት ጊዜ አታውቅም፣ የምትከፍትበትም ጊዜ አታውቅም!»

ራእፋት ደወለ። ኮሎኔሉ አዳምጠው ሲያበቁ «አሮጊት ለሹፌሯ ትዋሻለች፤ መኪናው መንገድ ላይ ነው» አሉና ዘጉ።

ጉምዓ የሴትዮዋ ነገር አንጀቱን በልቶት ኪሱን ዳብሶ ማስቲካ አወጣ። «እንኩ እማማ፣ ጉሮሮዎ ደርቋል።»

ኡም ዋጊህ እጁን ገፋ አደረጉት። «አይ ልጄ፣ ቆርቤአለሁ። ዛሬ ተመልሶ ከአፌ የሚወጣ ነገር አላስገባም። ሥጋ ወደሙ ያረፈበት አፍ እኮ ነው! እንኳን ማስቲካ፣ የዓሣ እሾህም እስኪመሽ አልነካም።»

ራእፋት ቀስ ብሎ ቀና አለ። የልጅነቱ ሚኒያ ትዝ አለው። ቆርቦ በተመለሰ ቁጥር እናቱ ተምሩን ከፊቱ የምታነሣው፣ «ዘሩን ትተፋዋለህ፤ ነገ ትበላለህ» የምትለው።

«ጉምዓ!» አለ። «ሹብራዎቹን በሙሉ ግቢው ውስጥ ሰብስብ። ከማድ ቤትም ትልቁን ሳህን ወይራ ሞልተህ አምጣልኝ።»

«ባሻ፣ ራበዎት?»

«እጅግ!»

*

በግቢው የቴምር ዛፎች ጥላ ሥር የሹብራ ሰዎች ዙሪያውን ቆሙ። አባ ዋናስም መጡ። ኢድሪስን ዘበኛው ይዞት ወጣ። ከበሩ ውጭ፣ ከሩቅ አሸዋው ላይ፣ የእስረኛ መኪናው አቧራ ይታይ ጀምሯል።

«ወገኖቼ፣ ደክሟችኋል» አለ ራእፋት። «መኪናው እስኪደርስ አንድ አንድ ወይራ ቅመሱ።» ሳህኑን ራሱ ይዞ ያዞር ገባ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ባሻ፣ ቆርቤአለሁ» አለች ፋርማሲስቷ።

«ቆርቤአለሁ» አለ የባንኩ ሠራተኛ።

ዳኛው እጃቸውን ልባቸው ላይ አሳረፉ፤ ጫጩቱ ከኪሳቸው ጮኸ። ታሱኒ ኢሪኒ ግን አንገቷን ደፍታ አንድ አነሣች። ሴቶቹ ሹክ ሹክ አሉ። «ጨው ቀምሼ ነው» አለችና በላች።

ሳህኑ ኡስታዝ ኩዝማን ፊት ደረሰ።

«ቆርቤአለሁ ባሻ» አለ፣ እጁን እንደ ልማዱ ወደ አፉ አስጠግቶ።

«አውቃለሁ፤ ነግረውኛል። ከወንዶች የመጀመሪያው እርስዎ ነበሩ» አለ ራእፋት። «ታዲያ ጠዋት ሲነግሩኝ የበሉት ምን ነበር?»

«እ...?»

«ወይራ አልነበረም? ዘሩን እያወጡ ሳህኑ ጠርዝ ላይ እንደ ወታደር ሲደረድሩ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ነበር። እኔ ደነዙ ሳላስተውል ፉሌን እበላ ነበር።»

«ምናልባት... ረስቼ...» አለ ኡስታዝ።

«ረስቼ!» ብለው ፈነዱ ኡም ዋጊህ። «ቅዱስ ሥጋው ያረፈበትን አፍ? ቆርበህ ተፋህ? ልጆቻችንን በየዓመቱ 'ከቁርባን በኋላ አትትፉ' እያልክ የምታስተምረው አንተ አይደለህም?»

«ተፋ!» አለች ሌላዋ ፊቷን እያማተበች። «በቅዱሱ በዓል! በቅዱሱ ገዳም!»

«ይሄንን ሰውዬ ነው ልጄን ክርስትና እንዲያነሣልኝ የለመንኩት!» አለ የባንኩ ሠራተኛ።

የጠፋውን አጽም የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ቅዱስ የሰረቀን ሰው ሹብራ ይቅር ይለው ይሆናል፤ ቆርቦ የተፋን ግን ልጆቹ ሳይቀሩ የአባት ስማቸውን ይለውጣሉ። ክቡ ጠበበ። አንዲት አሮጊት ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ኡስታዝ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጀርባው ከዛፉ ተጋጨ።

«አልተፋሁም!» ብሎ ጮኸ። «በአምላክ ስም፣ እኔ ቁርባን አልተፋሁም!»

«ወይራውን እኔ አይቻለሁ» አለ ራእፋት።

«አልቆረብኩማ! ያልቆረበ ሰው ወይራ ቢበላ ምን ኃጢአት አለው? ሰረቅሁ እንጂ አልተፋሁም! ሌባ በሉኝ፣ እሰሩኝ፣ ያንን ግን አትበሉኝ!»

አሮጊቷ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ለምን አልቆረቡም?» አለ ራእፋት በለሰለሰ ድምፅ።

«ቅዱሱን በኮቴ ውስጥ ሸሽጌ እንዴት ሥጋ ወደሙን እቀበላለሁ?» አለ ኡስታዝ፣ ተቆጥቶ። «ሌባ ብሆንስ እምነት የለኝም እንዴ? ሰው ወደፊት ሲጎርፍ ለወጥኩት፤ ከዚያ መሐረቤን አፌ ላይ አድርጌ ከቆረቡት መሐል ገባሁ። ሆዴ ግን ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነበር። ወይራውን ሳየው... እጄ ነው የሄደው፤ እኔ አልሄድኩም።»

«ለማን ልትሸጠው ነበር?» አለ ጉምዓ።

«ልሸጠው?!» ኡስታዝ ከስርቆቱ ይልቅ በጥያቄው አፈረ። «ለደብራችን ነው! ከመንገዱ ማዶ ሦስት ቅዱሳን አሉ፤ አውቶቡስ ሁሉ እዚያ ይቆማል። የእኛ ደብር ምን አላት? ፎቶግራፍ! ዛሬ በዝምታ አስገብቼው፣ ለመቅደሳችን በዓል 'ተገለጠልን' እል ነበር።»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ቀጭን ድምፅ «እውነቱን እኮ ነው...» አለና በክርን ተደቁሶ ዝም አለ።

አባ ዋናስ ወደ ፊት መጡ። «ልጄ፣ ብትለምነን ከአጽሙ ከፍለን በዕልልታ እንሸኝልህ ነበር። ለስንት ደብር ሰጥተናል። የጳጳስህ ማመልከቻ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።»

«ማመልከቻ?» አለ ኡስታዝ። «የደብራችንን ኮሚቴ አያውቁትም አባታችን። ከማመልከቻ ስርቆት ይቀላል።»

አንዳንዱ ሳቀ። ራእፋት ግን አልሳቀም። ጣቱን ወደ ኢድሪስ ቀሰረ።

«ይሄን ሰው ሊጭኑት ነበር። ልጆችዎ አጎቴ የሚሉትን ሰው። ዝም ይሉ ነበር?»

ኡስታዝ ኢድሪስን ማየት አልቻለም። «እስር ቤት ምግብ እወስድለት ነበር» አለ። «በየሳምንቱ።»

ኡም ዋጊህ ጀርባቸውን ሰጡት። ማይክሮፎን የለመደው እጁ ቀስ እያለ ወረደ።

«ባነሩ» አለ በመጨረሻ። «ሰው ለመሳለም ሲሰለፍ ባነሩ ውስጥ ጠቀለልኩት።»

*

ጉምዓ ባነሩን እንደ ቃሬዛ ተሸክሞ አመጣው። ሐሩ ዙር በዙር ሲፈታ መጀመሪያ የደብሩ ስም፣ ቀጥሎ የቅዱሱ ፊት፣ በመጨረሻም ቀጥ ያለ መስቀል የተጠለፈበት ቀይ ከፋይ ወጣ። የሐኑቱ ሽታ ግቢውን ሞላው። ኡም ዋጊህ ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ጠበቃቸው።

«እሳቸው ናቸው» አሉ።

እልልታው የእርግቦቹን ማማ ባዶ አደረገው። ከቤተ ክርስቲያን ከበሮው ወጣ፤ ናሱ ወጣ፤ የዴልታ ገበሬዎች፣ የእስክንድርያ ሙሽሮች፣ የተሻለው የታንታ ነጋዴ ሳይቀር ሮጠው መጡ። አባ ዋናስ አጽሙን ታቅፈው ዑደቱን እንደ አዲስ ጀመሩ። በዚህ መሐል የባንኩ ሠራተኛና ሦስት ጎረምሶች ኢድሪስን ከዘበኛው እጅ ነጥቀው ትከሻቸው ላይ ሰቀሉት።

«አውርዱኝ! ከፍታ እፈራለሁ!» ይላል ኢድሪስ የቴምር ዝንጣፊ ይዞ።

«ሹፌር ሆነህ?»

«አውቶቡስ መሬት ላይ ነው የሚሄደው እናንተ!»

መኪናው በሩ ላይ ቆመ። አንድ መኮንን ካቴናውን እያንሿሿ ወረደ። «ሹፌሩ የታለ?» ብሎ ራእፋትን ጠየቀው።

ራእፋት በአገጩ ወደ ላይ አመለከተው። «ያውልህ። ካወረዱልህ ውሰደው።»

ኡስታዝ ኩዝማን ሳይጠሩት ወደ መኪናው ሄደ። ኡም ዋጊህ እየረገሙት ዳቦና አይብ በፌስታል አስያዙት፤ ታሱኒ ኢሪኒም ውኃ አቀበለችው። ኢድሪስ በመጨረሻ ከትከሻ ወርዶ ጫማውን ሲያደርግ ወደ መኪናው መስኮት ጠጋ አለ።

«ኡስታዝ።»

ኩዝማን ቀና አላለም።

«ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመላልሳቸዋለሁ። ምግብ ግን አላመጣልህም» አለና ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ቀሪዎቹ ሁለት ገዳማት ይጠብቋቸዋል። ሹብራዎች ልስኑን፣ ሚስማሩን፣ አሸዋውን ለአባ ዋናስ መለሱ። ዳኛው ጫጩቱን ለማስመለስ ይግባኝ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውና ይዘው ተሳፈሩ። ማይክሮፎኑን ማን ይይዛል በሚለው ጥቂት ተጨቃጨቁ፤ ሳይስማሙ ኡም ዋጊህ ቀሙት።

«ምእመናን» ሲሉ ድምፃቸው በበረሃው አስተጋባ፣ «ቀጥሎ የምንሄድበት ገዳም በጣም ጥንታዊ ነው። መቼ እንደተሠራ አላውቅም። ኢድሪስ ያውቃል። ኢድሪስ፣ ንገራቸው!»

የራእፋት ስልክ ጮኸ።

«ሻለቃ! ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? ተጠርጣሪው የታለ?» አሉ ኮሎኔሉ።

አውቶቡሱ ከግቢው ሲወጣ መስኮቶቹ ሁሉ በእልልታ ተሞልተው ነበር። ረጅሙ ቀጭን ሰው መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ይነፋል።

«የሚሰሙት እሱን ነው ጌታዬ» አለ ራእፋት፣ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ አውቶቡሱ እያውለበለበ። «አሁን ወጣ።»